«መንገድ አታሳያቸው» ለምትሉኝ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ዳታ የምትቆጥቡ ሴቭ አድርጋችሁ ዋይፋይ ስታገኙ አንብቡት። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ በኛ አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ሳምንት በሞያሌ በኩል በፓስፖርት፣ በአውቶብስ፣ በቀን ብርሃን ኬንያ ስለ መግባት አጭር ነገር ለጥፌ ነበር። ስድቡ ዘነበ። ከደላላ ጋር ኮሚሽን ትካፈላለህ ያሉኝም አሉ። እነሱን ትቻቸዋለሁ። አንድ አስተያየት ግን መተው አልቻልኩም፤ የጻፉት ሰው ከኔ ብዙ ዓመት ቀድመው ናይሮቢ የገቡ፣ መጠጊያ ያጣውን ስንቱን ልጅ ሳሎናቸው ያሳደሩ፣ የማከብራቸው ጋሼ ናቸው። መምህር ሆነህ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት እንጂ ወደ ጠረፍ አትምራ፤ መንገድ አታሳያቸው፤ የማያውቁትን መንገድ አይሄዱበትም ነው ያሉኝ።

ጋሼ፣ በክብር ልመልስልዎ። የማያውቁትን መንገድ አይሄዱበትም የሚሉት ላይ ነው የማልስማማው። ልጆቻችን የሞቱት እኮ በማያውቁት መንገድ ላይ ነው።

መጋቢት 15 ቀን 2012፣ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት። ከማላዊ የገባ የጭነት መኪና ላይ የነበረ ኮንቴይነር ሲከፈት 78 ኢትዮጵያውያን ተገኙበት። 64ቱ ሞተዋል፤ 14 ተርፈዋል። ሰኔ 2004፣ ታንዛኒያ፣ ዶዶማ። በጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ ከ40 በላይ ልጆች፣ ከተረፉት ጋር አብረው ጫካ ዳር ተጥለው ተገኙ። ጥቅምት 2015፣ ማላዊ፣ ምዚምባ። ጫካ ውስጥ በጅምላ የተቀበሩ 25 አስከሬኖች ወጡ፤ ቁፋሮው ሲቀጥል ቁጥሩ ጨመረ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015፣ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ፣ ንግዌሬሬ። 27 ወንዶች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ፤ ፖሊስ ዕድሜያቸውን ከ20 እስከ 38 ገመተ፤ አንድ ልጅ ከሬሳዎቹ መካከል ሲያጣጥር ተገኝቶ ሐኪም ቤት ገባ። በሁለቱም ቦታ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ነው ያለው። «ሳይሆኑ አይቀሩም» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከነዚህ ልጆች ስንቱ ነው ሞያሌ ላይ የሰው በር እንዳለ የሚያውቀው? ከመንደሩ ሲነሳ ስንቱ ነው ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ እንደማይጠየቅ የሰማው? ቤተሰብ «አትሂድ» አለው። ቄሱም ሼሁም «አትሂድ» አሉት። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ ስለ ሕገወጥ ስደት አስከፊነት ሁለት ሰዓት ተናገረ፤ ውሎ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። ዝም ያላለው ደላላው ብቻ ነው። ደላላው ከተማ በከተማ፣ ኬላ በኬላ ይነግረዋል። ዲላ ማን እንደሚቀበለው፣ ያቤሎ የት እንደሚያድር፣ ሞያሌ ላይ በየትኛው ሞተር እንደሚሻገር፣ ጆሃንስበርግ ጄፒ ላይ የማን ሱቅ እንደሚጠብቀው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኛ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ትሉም ደላላው ነው።

እኔ አገር ቤት፣ ሰሜን ወሎ፣ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። እንግዲያው አንድ ጊዜ እንደ መምህር ላስላላችሁ፤ ይቺን ስሌት ልጅ ያለው ሁሉ ይያዛት።

ትንሹ፣ ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ውስጡ 33 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ትልቁ ባለ 40 ጫማ 67 ገደማ። አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ ሲፈራ፣ ሲሞቀው፣ ግድግዳ ሲደበድብ ከዚያ በላይ። በቴቴው ቁጥር እንሂድ፤ 78 ሰው ሲባዛ በ15፣ ወደ 1,200 ሊትር። 1.2 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት ነው። በትንሹ ሳጥን ውስጥ ይሄ በየሰዓቱ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። አየሩ 5 በመቶ ላይ ሲደርስ ራስ ይፈልጣል፣ ትንፋሽ ይጥራል። 10 በመቶ ሲያልፍ ሰው ራሱን ይስታል። በትንሹ ሳጥን ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ በትልቁ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ውሃ ይዣለሁ ማለት አያድንም፣ ጎረምሳ ነኝ ማለት አያድንም፣ ጸሎት የያዘ ክታብም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያጣራም። የሚገድላቸው ራሳቸው የተነፈሱት አየር ነው።

ደላላው «ቀዳዳ አለው፣ አየር ይገባል» ይላል። መኪናው ሲሄድ ትንሽ ይገባ ይሆናል። ግን መኪናው ይቆማል። ኬላ ላይ ይቆማል፣ ሚዛን ላይ ይቆማል፣ ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ይቆማል። ሲቆም ደግሞ ድምፅ እንዳይወጣ ሸራው ይጎተታል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ልጆቹ ራሳቸውን የሚስቱት እንዲህ ቆመው ሲጠብቁ ነው፤ ማለትም ከፖሊስ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ፣ ጮኸው መዳን በሚችሉበት ቦታ፣ እንዳይጮሁ ተመክረው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ጋሼ፣ የተቆጡበት እሱ ነውና።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ሀገረ ማርያም፣ ያቤሎ፣ ሜጋ። ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ሌላ 780 ያህል፤ ማርሳቢት፣ ላይሳሚስ፣ ኢሲዮሎ፣ ናንዩኪ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው። ቀድሞ ከኢሲዮሎ በላይ ያለው አቧራና ድንጋይ ሰውን ለቀናት ያንገላታ እንደነበር የዱሮ ሰዎች ይነግሯችኋል። የሞያሌውን የአንድ ማቆሚያ ኬላ የሁለቱ አገር መሪዎች ኅዳር 30 ቀን 2013 መርቀውታል፤ የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ ተቀምጠው ማህተሙን ይመታሉ። የሚያስፈልገው ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ነው። ኬንያ ከ2016 ወዲህ የኦንላይን ፈቃድ አሠራር ስላመጣችና ደንቡ ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት የኢሚግሬሽናቸውን ገጽ ተመልከቱ። ጉዞውን በቀን አድርጉት፤ በቦረና በኩልም በማርሳቢት በኩልም አንዳንዴ ግጭት ስለሚነሳ ወሬ ጠይቃችሁ ተነሱ። ፓስፖርታችሁን ለሾፌርም ለረዳትም ለ«አስጨራሽ»ም አትስጡ። ማህተሙ እንደተመታ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ለእናታችሁ ላኩ። ማህተሙ ላይ ስንት ቀን እንደተሰጣችሁ አንብቡ። ማህተሙ እንድትቆዩ ነው እንጂ እንድትሠሩ አይፈቅድም፤ ይሄንንም እወቁ።

በቃ። የተሰደብኩበት ነገር ይሄው ነው።

ከዚህ በር በስተግራና በስተቀኝ ኬንያውያን ፓንያ የሚሉት አለ፤ የአይጥ መንገድ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ይበቃ ነበር። ልጁን በሌሊት በሞተር ያሻግሩታል፤ ከዚያ ከፍየል ወይም ከከሰል ጆንያ ስር ያስተኙታል። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ኬላው ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ኬላ ማህተም የሌለው ሰው «ኪቱ ኪዶጎ» ይከፍላል፤ ካልከፈለ ይታሰራል። በኬንያ የዜግነትና ኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ መገኘት እስከ 500,000 ሽልንግ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም ሊያስቀጣ ይችላል። አገር ቤት ያለ ወላጅ ልጁ እስር ቤት እንዳለ የሚያውቀው ደላላው ተጨማሪ ገንዘብ ሊጠይቅ ሲደውል ነው።

«ድሃ ፓስፖርት ከየት ያመጣል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ በ2016 ማብቂያ ላይ መደበኛው ፓስፖርት 5,000 ብር ገብቷል፤ የወረፋውን እንግልትም የቀመሰ ያውቀዋል። ዋጋው ነውር ነው፣ ይሄንን ለመንግሥትም እላለሁ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ለደላላ የሚከፈለው ስንት ነው? በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተይዞ፣ የአክስት ወርቅ ተለቅሞ የሚሰጠው መቶ ሺዎች ናቸው። ለፓስፖርት ያጣነውን ለኮንቴይነር ከየት አመጣነው?

ደላላው በምንም ተአምር የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ማህተም ያለው ሰው መመለስ ይችላል። ናይሮቢ ደርሶ የተነገረው ሥራ ውሸት መሆኑን ያየ ልጅ፣ የአውቶብስ ትኬት ቆርጦ በመጣበት በር ወደ እናቱ ይገባል። አፍሮ ይሆናል፣ ገንዘብ ባክኖ ይሆናል፣ ግን በሕይወቱ ይገባል። በአይጥ መንገድ የገባው ግን ወደ ኋላም ወንጀለኛ ነው፣ ወደ ፊትም ወንጀለኛ ነው። «ከዚህ በኋላ መመለስ የለም» ሲሉት እውነታቸውን ነው፤ መመለሻውን የነጠቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ይገፋል። ናማንጋ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ቴቴ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ባወጣው ጥናት ከምሥራቅ አፍሪካና ከቀንዱ በዓመት እስከ 20,000 ሰው በዚህ መስመር ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሻገራል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ለኛ ቪዛ ትጠይቃለች። ከናይሮቢ በታች ለዚያ ልጅ ደህና የሚባል መኪና የለም፤ እኔም አለ ብዬ አልዋሸውም። መንገድ ማሳየት ማለት እኮ መንገዱ የት ላይ እንደሚያልቅም መናገር ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ይመጣብኛል። «አንተ ስለ ቱሪስት ታወራለህ፤ መንግሥት የሚፈልገኝ ሰው ሞያሌ ላይ ፓስፖርቴን ልዘርጋ?» አትዘርጋ። እኔም ስደተኛ ነኝ፤ ይሄንን አንተ ለኔ አታስተምረኝም። ለአንተ የተጻፈ ሌላ ሕግ አለ፤ እሱንም ደላላው ደብቆሃል።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው የት ይመስላችኋል? አዲስ አበባ። መቼ? ጳጉሜ 5 ቀን 1961፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከጦርነትና ከስደት ሸሽቶ ድንበር ላይ የደረሰን ሰው አንድ አገር ወደ አደጋው እንዳይመልሰው የሚከለክል ቃል የተፈረመው በኛው ከተማ ነው። የ1951 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫው ስምምነት አንቀጽ 31 ደግሞ ሸሽቶ ያለ ፈቃድ የገባ ስደተኛ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ካቀረበና በቂ ምክንያት ካለው በመግባቱ ብቻ እንዳይቀጣ ይላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ቀኑን ቆርጦታል፤ በገባህ በ30 ቀን ውስጥ ቀርበህ ተመዝገብ ነው የሚለው። 30 ቀን! ደላላው በዚህ 30 ቀን ውስጥ ልጁን ምን ያደርገዋል? ናይሮቢ ዳርቻ በተከራየ ቤት ይቆልፍበታል። ስልኩን ይወስድበታል። «ዩኤን ጋ ከሄድክ ለኤምባሲ ይሰጡሃል፣ ካኩማ በረሃ ይጥሉሃል» ይለዋል። ሠላሳው ቀን ያልፋል፤ ልጁ ሕግ የቆረጠለት ጊዜ ከእጁ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የደላላው ነው።

ካኩማ ቀላል ነው አላልኩም። ያለ ፈቃድ ከካምፕ መውጣት አይቻልም፤ ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረፋውንም እኔ ቀምሼዋለሁ፤ አንድ ቢሮ ፋይልህ አልተገኘም እያለ ስንት ወር እንዳመላለሰኝ ቤተሰቤ ይመሰክራል። ብስጭት ገደለኝ፣ ግን አልታፈንኩም። በወረፋ የተንገላታ ሰው ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ እንዲህ ፌስቡክ ላይ ይጽፋል።

እስቲ ከኛ ራቅ ያለ ነገር ላንሳ። መስከረም 2015 ሩሲያ ተጠባባቂ ወታደር ስትጠራ፣ ብዙ ሺህ ወጣት ወንዶች ወደ ካውካሰስ ተራሮች ነጎዱ፤ በላይኛው ላርስ ኬላ በኩል ወደ ጆርጂያ። የመኪናው ሰልፍ ብዙ ኪሎ ሜትር ተዘረጋ። ኬላውን በእግር ማለፍ አይፈቀድምና ሰዎቹ ብስክሌት ገዝተው አለፉ። ምን አዳናቸው? ጆርጂያ ለሩሲያ ዜጋ ያለ ቪዛ አንድ ዓመት ትፈቅዳለች፤ አንዱ ይሄ ነው። ሁለተኛው ግን እርስ በርስ ማውራታቸው ነው። ቴሌግራም ላይ ሰልፉ የት ደረሰ፣ ምን ወረቀት ተጠየቀ፣ የቱ ሾፌር አጭበርባሪ ነው እየተባባሉ ደቂቃ በደቂቃ ይጽፉ ነበር። «ዝም በሉ፣ መንገድ አታሳዩ» ያሏቸው ሽማግሌዎች ቢኖሩ ኖሮ የዚያም ኬላ ዳርቻ የደላላ ገበያ ይሆን ነበር። እኛም እኮ ለኬንያ ያለ ቪዛ የሚያስገባ ስምምነት አለን። የሌለን ወሬው ነው።

ገንዘብ የምትልኩ ዘመዶቼ፣ ከዋሽንግተንም ከሪያድም ከቤሩትም፣ አሁን እናንተን ነው። ልጁ «ላክልኝ» ሲላችሁ ለማን እንደሚከፈል አትጠይቁም፤ ብትጠይቁ ኃላፊነት የሚመጣባችሁ ይመስላችኋል። ላኩና ገላገላችሁ። ቀጥሎ ከማታውቁት ቁጥር ስልክ ይመጣል፤ ልጁ እያለቀሰ ያናግራችኋል፤ እንደገና ትልካላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በድንበር ማሻገር ከባድ ወንጀል ነው፤ ግን የወንጀሉ ካፒታል ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ያንኑ ገንዘብ ስትልኩ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡ። «ማህተሙን ፎቶ አንስተህ አሳየኝ፤ ወይም የተመዘገብክበትን ወረቀት አሳየኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን እልካለሁ» በሉት። ደላላው ይቆጣል። ይቆጣ።

ይሄንን የምጽፈው ሩንዳ ሆኜ ነው። ናይሮቢን የማታውቁ፣ ሩንዳ የአምባሳደሮችና የዩኤን ሰዎች ሰፈር ነው፤ ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ትልቁ ግቢ እዚሁ ጎረቤት ነው። እኔ ከሩአካ በማታቱ እየመጣሁ የሰው ልጆች አስጠናለሁ። የማስጠናቸው ልጆች ድንበር ማለት የፓስፖርት ሥዕል የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው የሚመስላቸው፤ አንዷ ታንዛኒያ ሄዳ መጥታ ማህተሟን አሳየችኝ፣ ቀጭኔ ያየችበትን ቀን ለማስታወስ። በየቀኑ ወደ ሰፈሩ ስገባ ዘበኛው (አስካሪ ነው የሚሉት፤ በኛ ቋንቋ የሚያሰክር ነው) ስሜን፣ ሰዓቱን፣ የምሄድበትን ቤት መዝገብ ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። አሁን እንዲያውም ስሜን በትክክል ጽፎ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። አንድ ቀን ከዚያ ግቢ ሳልወጣ ብቀር የገባሁበት ሰዓት ተጽፏል፤ የሚጠየቅ ሰው አለ።

የአይጥ መንገድ መዝገብ የለውም። ምዚምባ ላይ «ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም» የተባለው ለዚህ ነው። ሰውየው ስም ነበረው፤ ግን አንድም ኬላ ላይ አልተጻፈም። እናቱ የልቅሶ ድንኳን ትትከል ወይስ አትትከል አታውቅም። ጋሼ፣ እርስዎ ሬሳ ይመለሳል ብለው ነው የፈሩልኝ፤ በዚህ መንገድ ሬሳም አይመለስም።

ስለዚህ ማስታወሻውን አላነሳውም። እንዲያውም በሚቀጥሉት ሳምንታት በአማርኛ፣ አንድ ወዳጄ ደግሞ በሀዲይኛ፣ በድምፅ ቀድተን እንለቀዋለን፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ይስሙት። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ወልዲያ፣ ደሴ ያላችሁ መምህራን ጓደኞቼ በየክፍላችሁ አጫውቱት፤ የኮንቴይነሯን ስሌትም ለአሥረኛ ክፍል በሰሌዳ ላይ ሥሩላቸው፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ጋሼ ደግሞ ፈቃድዎ ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤትዎ መጥቼ ፊት ለፊት እንከራከር፤ ሳሎንዎ ካደሩት ልጆች ሁለት ሦስቱን ይጥሩልኝና በየትኛው መንገድ እንደገቡ እነሱ ይንገሩን።

ኬንያ ከገባችሁ 30 ቀን ያልሞላችሁ፣ ወይም የዘመድ ልጅ ተቆልፎበታል ብላችሁ የምትጠረጥሩ፣ ዛሬውኑ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ስም አልጠይቅም፤ የገባችሁበትን ቀን ብቻ ንገሩኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከሩንዳ ስወጣ ማታቱ ውስጥ ሆኜ እመልሳለሁ።